ጉንፋን ይዟችሁ ልባችሁ ሲመታ፦ ከቤት እስከ ኢሲጂ ምን ይደረጋል?

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ የያዘው ሰው የሚያወራው ስለ ሳሉና ስለ ትኩሳቱ ነው። ማታ ጋደም ሲል ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ልቡ ድው ድው ይላል። አንዳንዴ አንድ ምት የተዘለለ ይመስለዋል፤ ተከትሎ ጠንከር ያለ ምት ደረቱን ይመታዋል። ያኔ ስልክ ይከፈታል። በእኩለ ሌሊት የሚነበብ የልብ ወሬ ደግሞ ልብን ይበልጥ ያስሮጣል እንጂ አያረጋጋም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በጉንፋን ጊዜ የልብ መፍጠን ብቻውን አያስደነግጥም። አብዛኛውን ጊዜ የትኩሳቱ፣ የውሃ ማነሱና የተዋጡት ክኒኖች ሥራ ነው። የሚያሳስበው ምክንያት የማይገኝለት ፍጥነት፣ ሥርዓት ያጣ ምትና ራስን መሳት ነው። እነዚህን ለመለየት ሰዓት፣ ሁለት ጣት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ከዚያ የሚቀረውን ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚቀዳው ምርመራ፣ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ በፊት፦ ቤት መቆየት የሌለበት ማን ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ንባቡን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ራስን ስቶ መውደቅ፣ በተለይ ያለ ማስጠንቀቂያ ወይም እየተንቀሳቀሱ ሳለ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም። ቁጭ ብሎ እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማያስችል የትንፋሽ ማጠር። የከንፈር መጥቆር። ግራ መጋባት። እረፍት ላይ ሆናችሁ ከ120 በላይ የሚመታና ትኩሳቱ ሲወርድም አብሮ የማይወርድ ልብ። ከ40 በታች የወረደና ማዞር ያመጣ ምት።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። መኪና ራሳችሁ አትንዱ። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ቁጥሩን ከአሁኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። እነዚህ «ማዳም ትቆጣለች» ተብለው የሚታለፉ ምልክቶች አይደሉም።

የሳንባ ቫይረስ ከልብ ኤሌክትሪክ ምን አገናኘው?

የልብ ምት የሚነሳው በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው። ሥራዋ እንደ መሪጌታ ነው። እሷ ስትጀምር የላይኛው ክፍል ይቀበላል። መልእክቱ መሃል ላይ ባለች ሌላ ጣቢያ ለአፍታ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርድና ልብ ደም ይረጫል። መልእክቱ ኤሌክትሪክ ነው። የሚፈጠረውም ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም በሴሎቹ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። ይህን ኤሌክትሪክ ከሰውነት ውጭ ሆኖ በጥራት መቅዳት የቻለው ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። ዛሬም ክሊኒክ በሚሰጧችሁ ወረቀት ላይ ያሉት ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉት ስያሜዎች የእሱ ናቸው።

በመተንፈሻ አካል የገባ ቫይረስ ይህን ሥርዓት በብዙ በኩል ይነካዋል። የተለመደው ትኩሳት ነው። ሰውነት በሽታ ሲዋጋ አድሬናሊን ስለሚለቅ ምቱ ይፈጥናል። ላብ፣ ትውከትና ተቅማጥ ውሃን ብቻ አይወስዱም፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየምም አብረው ይሄዳሉ። ሳንባ ሲታመም ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ለመከላከል የሚለቃቸው ኬሚካሎችም አሉ፤ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው ለምሳሌ የፖታሲየሙን በር ሥራ ያዘገያል። ያኔ ልብ ከአንድ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት የሚወስድባት ጊዜ ይረዝማል። አልፎ አልፎ ደግሞ የልብ ጡንቻ ራሱ ይቆጣል። ሐኪሞች ማዮካርዳይተስ ይሉታል። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ አዴኖቫይረስና ኮክሳኪ ቢ ይህን ሊያመጡ ከሚችሉት መካከል ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሃርት አታክ የመከሰት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ 6 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ጉንፋን ይዟቸው «ደረቴን ከበደኝ» ካሉ «ሳሉ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ደረት ሲያስሉ ብቻ መውጋቱና ሳያስሉም መጫኑ ለየቅል ናቸው።

ደረጃ 1፦ ምቱን ቁጠሩ፣ ጻፉ

ቁጭ ወይም ጋደም በሉ። 5 ደቂቃ ዝም በሉ። ስልክ፣ ዜና፣ የቤት ክርክር ይቆይ። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩና ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓችሁ ላይ ሌባ ጣትና መሃል ጣታችሁን አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሱ ምት ስላለው ያምታታል። 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ። ምቱ ወጥ ካልሆነ ግን 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሩ።

እረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ዘወትር የሚሮጥ ሰው 50 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን አይገርምም። ሕፃናትን በዚህ ቁጥር አትለኩ። የአንድ ዓመት ሕፃን ልብ በደቂቃ 120 ጊዜ መምታቱ ጤና ነው፤ በትኩሳት ጊዜ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የሕፃን ጉዳይ ለሕፃናት ሐኪም ይተው።

ከቁጥሩ እኩል የሚጠቅመው ወጥነቱ ነው። ምቱ ወጥ ሆኖ አልፎ አልፎ አንድ የተዘለለ የሚመስል ካለ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመጣ ትርፍ ምት ነው። ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል። ጭራሽ ሥርዓት የሌለው፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ደካማ የሆነ ምት ግን የላይኛው የልብ ክፍል መንቀጥቀጥ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ሊሆን ይችላል። ይህ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያለበት ነው። ደም ሊያረጋና ወደ አንጎል ሊልክ ስለሚችል «ነገ ይሻለኛል» አይባልም።

አሁን ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት፣ ሙቀት 38.6፣ ምት 104፣ ወጥ፣ ፓራሲታሞል ከወሰድኩ 2 ሰዓት ሆኖኛል፣ ስጋደም ድው ድው ይላል።» ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንዲህ ጻፉ። በየ5 ደቂቃው መለካት ግን በሽታውን ትቶ ጭንቀቱን መለካት ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ይህ ወረቀት «ልቤን ያመኛል» ከሚለው ቃል አሥር እጥፍ ይረዳል።

ሰዓት ወይም ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ግን ገደቡን እወቁ። እንደ አፕል ዋች ያሉ አንዳንድ ሰዓቶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ኢሲጂ ይሠራሉ። የተዘበራረቀ ምትን ለመጠቆም ይጠቅማሉ፣ ሃርት አታክን ግን አያዩም። የጣት መለኪያው የምቱን ቁጥር በደንብ ይናገራል። ኦክስጅኑን ግን ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ከኮቪድ ወዲህ በደንብ ታውቋል። ይህ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው እያለከለከ ከሆነ የሚታመነው ሰውየው ነው። በሌላ በኩል ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የጤነኛ ሰው ኦክስጅንም ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ሰው ጥቂት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሳትታመሙ አንድ ቀን ለክታችሁ የራሳችሁን ቁጥር ያዙ። የጥፍር ቀለም አስለቅቁ፤ የቀዘቀዘ እጅም አሙቁ።

ደረጃ 2፦ የትኩሳቱን ድርሻ ቀንሱ

የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ በ10 ገደማ ይጨምራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በደህናው ቀን ምታችሁ 72 ከነበረና አሁን ሙቀቱ 39 ከሆነ፣ 92 አካባቢ ይጠበቃል። 95 ቢሆን ትኩሳቱ ነው። 130 ከሆነ ግን ትኩሳት ብቻውን እዚህ አያደርስም፤ የውሃ እጥረት፣ መድኃኒት፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም ልብ ራሱ አለበት።

የተገላቢጦሹም አለ። ሙቀቱ 39 ሆኖ ምቱ 60 ከሆነ ለሐኪም ይነገር። ታይፎይድ በዚህ ይታወቃል፤ በኮቪድም ታይቷል። ወደ ታች የሚወርደው መልእክት መሃል ላይ እየተያዘ ከሆነም ምት ይዘገያል፤ ይህን የሚያሳየው ኢሲጂ ነው።

ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አውርዱ። ለአዋቂ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። የጉበት ችግር ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው መጠኑን ሐኪም ይንገረው። ፓናዶልም ፓራሲታሞል ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ይኸው አለ፤ ሳታውቁ ሁለት ጊዜ እንዳትወስዱ ጀርባውን አንብቡ። ከ1 ሰዓት በኋላ ሙቀትና ምት አብረው ከወረዱ ጥሩ ነው።

በቤተሰባችሁ ውስጥ ወጣት ሆኖ ተኝቶ የቀረ ወይም ድንገት ወድቆ የሞተ ሰው ካለ ትኩሳትን አትታገሡ። ብሩጋዳ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የልብ ኤሌክትሪክ ችግር አለ። ጸጥ ብሎ ኖሮ በትኩሳት ጊዜ የሚነሳ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው በትኩሳቱ ወቅት ኢሲጂ ቢነሳ በጤናው ጊዜ የማይታየው ሊታይ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የመድኃኒት ፌስታሉን አራግፉ

እኔን ከቫይረሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የዋጣችሁትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉ፤ ጎረቤት የሰጣችሁንም፣ ካለፈው ሕመም የተረፈውንም።

ልብ የሚያስሮጡትን ለዩ። የተደፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ ክኒኖች ውስጥ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፊኒሌፍሪን አለ። ከአድሬናሊን ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራሉ፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሱዶኤፌድሪን ምትንም ያፈጥናል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ባይነካቸው ይሻላል። የጨው ውሃ ጠብታ አፍንጫን ያለ ጣጣ ያጸዳል። ሳልቡታሞል፣ ማለትም ቬንቶሊን፣ ከተነፋ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ልብን ማፍጠኑና እጅ ማንቀጥቀጡ የታወቀ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን በዚህ ፈርቶ አይተወው፤ መተንፈስ ይቀድማል።

ከዚያ የኤሌክትሪኩን ዝግጅት የሚያዘገዩትን ፈልጉ። ልብ ተጨምቃ እንደገና ለመዘጋጀት የምትወስደው ጊዜ ኢሲጂ ላይ «ኪውቲ» ይባላል። ይህ ሲረዝም ቶርሳድ የሚባል አደገኛ ሩጫ ሊነሳ ይችላል፤ ሰውን ይጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። ኪውቲን ከሚያስረዝሙት መካከል አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ክሎሮኪን፣ ፍሉኮናዞል፣ የማስመለስ መድኃኒቶቹ ኦንዳንሴትሮንና ዶምፔሪዶን፣ የአእምሮ ሕክምናዎቹ ሃሎፔሪዶልና አሚትሪፕቲሊን ይገኛሉ። ቤዳኪሊንና ክሎፋዚሚን የሚወስዱ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕሙማንም በየጊዜው ኢሲጂ የሚነሱት ለዚሁ ነው።

አንዱን ብቻ፣ በትክክለኛው መጠን፣ ጤነኛ ልብ ያለው ሰው ቢወስድ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ችግሩ ሲደራረቡ ነው። መተሐራ ወይም አርባ ምንጭ ያለ ሰው አስቡ። ትኩሳት ይዞታል። ወባ ነው ተብሎ ክሎሮኪን ጀመረ። ሳሉ ስላልተወው ከፋርማሲ ሦስት ፍሬ አዚትሮማይሲን ገዛ። አስመለሰውና የማስመለስ መድኃኒት ጨመረ። ትውከቱ ፖታሲየሙን ይዞበት ሄዷል። አራት ነገር ተደራረበበት፤ የሚያየው ሁሉም ሰው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ይህ ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ስለ አዚትሮማይሲንና ስለ ልብ ምት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ ዓለም ሁሉ ለኮቪድ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን፣ አንዳንዱም ከአዚትሮማይሲን ጋር አዳብሎ ሲሻማ ተቋሙ የሰጠውን የአስቸኳይ ፈቃድ ሰኔ 15 ቀን 2020 ሰርዟል። መድኃኒቱ ይጠቅማል ብሎ ማመን አልተቻለም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ደግሞ ልብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነበር።

እና ምን ይደረግ? ቫይረስን አንቲባዮቲክ አያድነውም። ለንፍጥና ለጉሮሮ ክርክር ከፋርማሲ መስኮት አዚትሮማይሲን መግዛት ይቅር። ሐኪም ያዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ዝርዝሩን ይዛችሁ «እነዚህ አብረው ይሄዳሉ ወይ?» ብላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስከፍልም፣ ግን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ማንኛውም አንቲባዮቲክ ሲጀመር ተናገሩ፤ ብዙዎቹ ደሙን ከሚፈለገው በላይ ያቀጥኑታል።

ስለ ዳማከሴና ዝንጅብል ትጠይቁኛላችሁ። ትኩስ ነገር መጠጣት ይጠቅማል፣ በምች መድኃኒት መታጠንም ያሳርፋል። መጠኑና ውስጡ ያለው የማይታወቅ ድብልቅ ግን፣ በተለይ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ከወረፋው ውጭ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ውሃ፣ ቡና፣ ጫት

ሽንታችሁ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ልባችሁ የሚሮጠው ያነሰውን ፈሳሽ ለመላው ሰውነት ለማዳረስ ነው። ጠጡ። ተቅማጥና ትውከት ካለ ኦአርኤስ በጥብጡ። ሾርባ፣ አጥሚት፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ጥሩ ናቸው። የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን የፈሳሹንና የፖታሲየሙን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ጾም ላይ የሆነ ሰው ትኩሳት ይዞት ውሃ ሳይቀምስ መዋሉ ምቱን ያባብሳል፤ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፣ ለታመመ ሰው የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ቡናን ጭራሽ ተዉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል? አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናና በረካውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጫት ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብና ውሃ ያስረሳል። በትኩሳት የሚሮጥ ልብ ላይ ይህን መጨመር አያስፈልግም። ትኩሳቱ እስኪለቅ ድረስ ይቅር።

ደረጃ 5፦ ኢሲጂ

ትኩሳቱ ወርዶ፣ ውሃው ተጠጥቶ፣ ክኒኖቹ ተለይተው ልብ አሁንም ከፈጠነ፣ ከተዘባረቀ ወይም ደረት ከወጋ ጊዜው የኢሲጂ ነው። ምርመራው አያምም። እጅ፣ እግርና ደረት ላይ 10 ተለጣፊዎች ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ ልብን በ12 አቅጣጫ ያያል። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። አትንቀሳቀሱ፣ አታውሩ። ቅባት የተቀባ ደረት ተለጣፊውን አይዝም፤ ቫዝሊን ሳትቀቡ ሂዱ።

ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ይህ ምክር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዛሬ የተነሳው ኢሲጂ የሚተረጎመው ካለፈው ጋር ተስተያይቶ ነው። ሌላ ሐኪም ቤት ስትሄዱ የድሮው ካለ ግማሽ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ሐኪሙ የሚያየውን ጥቂት ብትረዱ ጥሩ ነው። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል። ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ ትልቋ 0.2 ሰከንድ ናት። በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥራችሁ 300ን ብታካፍሉ የምቱን ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 3 ካሬ ከሆነ 100 ማለት ነው። ከላይ በኩል ማሽኑ ራሱ የሚጽፋቸው ቁጥሮች አሉ። «ፒአር» ከ120 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከዚያ ከረዘመ መልእክቱ መሃል ጣቢያዋ ላይ እየዘገየ ነው። «ኪውአርኤስ» ከ120 በታች ይሆናል። ለምቱ ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ ለወንድ ከ450፣ ለሴት ከ460 ካለፈ ረዘመ ይባላል፤ 500 ከደረሰ መድኃኒቶቹ ወዲያው ይከለሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ማሽኖች ኪውቲውን የሚያስተካክሉት ባዜት በሚባለው ቀመር ነው። ልብ ሲፈጥን ይህ ቀመር ቁጥሩን ያጋንናል። ትኩሳት ይዞት 115 የሚመታ ሰው ማሽኑ «ረዝሟል» ሊለው ይችላል። ፍሪደሪሺያ በሚባለው ቀመር ሲሰላ ደህና ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ከመደንገጥ ይልቅ «በፍጥነቱ ምክንያት ተጋኖ ይሆን?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

አብዛኛው ሰው «ሳይነስ ታኪካርዲያ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይወጣል። ትርጉሙ ምቱ ከትክክለኛው ቦታ ተነስቶ በትክክለኛው መንገድ ሄዷል፣ ፈጥኗል ብቻ ማለት ነው። መድኃኒቱ ምክንያቱን ማከም ነው። ፍጥነቱን ብቻ ለማውረድ የልብ ክኒን ከሰው ተቀብሎ መዋጥ ልክ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ኢሲጂ ብቻ የማይበቃው መቼ ነው?

ጥሩ ኢሲጂ የልብ ጡንቻ አልተቆጣም ለማለት አያበቃም። ትኩሳቱ እየለቀቀ ሳለ አዲስ የደረት ሕመም፣ ደረጃ ሲወጡ ያልነበረ ማለክለክ፣ የእግር ማበጥ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራና ኤኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ይጠየቃሉ። ትሮፖኒን ከተጎዳ የልብ ጡንቻ የሚፈስ ነው። ኤኮ ልብ እንዴት እንደምትጨመቅና ዙሪያዋን ውሃ መቋጠሩን ያሳያል። ሲጋደሙ የሚብስ፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ቀለል የሚል ስለታም ሕመም የልብ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ይህንን ለይታችሁ ተናገሩ። የሚመጣና የሚሄድ ምት ከሆነ ደግሞ 24 ሰዓት የሚታሰር፣ ሆልተር የሚባል መቅጃ አለ። የልብ ኤምአርአይ ለማዮካርዳይተስ በጣም ጥሩ ነው፤ አገር ቤት በቀላሉ አይገኝም፣ ውጭ ያላችሁ ግን ጠይቁ።

በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም አስከትሎ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ሰዎች አገራችን ውስጥ ብዙ ናቸው። ያ በሽታ ከባክቴሪያ እንጂ ከቫይረስ አይነሳም። ሆኖም ቫልቩ የጠበበ ሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው ልቡ ስለሚፈጥን ቶሎ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንም ይቀሰቀስበታል። እነዚህ ሰዎች ደረጃ 1ን ጨርሰው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለመቁጠርም አትቆይ። ይህ የቫልቭ ችግር ኖሮባችሁ በየወሩ የምትወስዱትን የፔኒሲሊን መርፌ ለጉንፋን ብላችሁ አታስተላልፉ።

«ክትባቱስ?» የሚል ሁልጊዜ አለ። ኤምአርኤንኤ የሚባሉት የኮቪድ ክትባቶች፣ በብዛት ወጣት ወንዶች ላይ፣ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዮካርዳይተስ ሊያመጡ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ታውቋል፤ ቀድመው ካስተዋሉት አገሮች አንዷ እስራኤል ናት። ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ አብዛኛውም ይድናል፤ ኮቪዱ ራሱም ያንኑ ያመጣል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ የምታገኙ፣ በተለይ የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ በመኸሩ ተከተቡ።

ደረጃ 7፦ ወደ ሩጫና ወደ ሥራ መመለስ

ትኩሳት ባለበት ሰውነት ስፖርት አይሠራም። ላብ አውጥቶ በሽታን ማባረር የሚባለው ነገር የተቆጣ የልብ ጡንቻን የሚጎዳ ነው። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ ቲሸርቱ ተገዝቷል ተብሎ ከነሳሉ የሚሮጥ አይጠፋም። ቲሸርቱን ቤት ለብሳችሁ ተመልከቱ።

ትኩሳቱ ከለቀቀና የደረት ምልክት ከሌለ በእግር ጉዞ ጀምሩ። በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትወርዱ ምት ቁጠሩ። ከለመዳችሁት በ10 እና ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ያን ቀን እረፉ። ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ዳገት። በመሃል ደረት ከወጋ፣ ልብ ከተዘባረቀ ወይም ጭንቅላት ከዞረ አቁማችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ሸክም የሚሸከም፣ ግንባታ ላይ የሚውል ሰውም ሯጭ ነው፤ ለአሠሪው «ድኛለሁ» ከማለቱ በፊት ሁለት ፎቅ ወጥቶ ራሱን ይይ።

ማዮካርዳይተስ ከተረጋገጠ ጨዋታው ይለወጣል። የተለመደው ምክር ከ3 እስከ 6 ወር ከከባድ ስፖርት መራቅና ከመመለስ በፊት እንደገና መመርመር ነው። የባየርን ሙኒኩን አልፎንሶ ዴቪስን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከኮቪድ በኋላ ቀላል ማዮካርዳይተስ ተገኘበት። 21 ዓመቱ ነበር። ምርመራው ቀላል ነው ቢልም እስከ ሚያዝያ ድረስ ሜዳ አልገባም።

ደረጃ 8፦ ሳምንታት አልፈው ሲቆሙ ብቻ የሚሮጥ ልብ

ጉንፋኑ ከሄደ ቆይቷል። ኢሲጂው ደህና ነው። ግን ሲነሱ፣ ገላ ሲታጠቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ታክሲ ወረፋ ላይ ሲቆሙ ልብ ይፈጥናል፣ ዓይን ይጨልማል። ብዙዎች «ጭንቀት ነው» ተብለው ይመለሳሉ። ፖትስ የሚባል ችግር ሊሆን ይችላል። ልብን የሚያዙት ነርቮች ከቫይረሱ በኋላ ሚዛን ስተው ነው፤ ከኮቪድ ወዲህ በብዛት ይታያል።

ቤት ውስጥ ሰው አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሞክሩት። ጠዋት ቡና ሳትጠጡ 10 ደቂቃ ጋደም በሉና ምትና ግፊት ለኩ። ከዚያ ተነስታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ተረከዛችሁ ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ። እስከ 10 ደቂቃ በየ2 ደቂቃው ለኩ። ካዞራችሁ ወዲያው ጋደም በሉ። ግፊት ሳይወርድ ምት በ30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉት ደግሞ በ40፣ ይህም ከ3 ወር በላይ ከዘለቀ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አብሮ ይጠየቅ፤ ሁለቱም ይህንኑ ያስመስላሉ።

እስከዚያው ውሃ አብዝቶ መጠጣት፣ ቀስ ብሎ መነሳት፣ በጣም በሞቀ ውሃ አለመታጠብ፣ ግፊት ከሌለና ሐኪም ከፈቀደ ጨው መጨመር፣ እስከ ታፋ የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲ ማድረግ ይረዳል። ስፖርቱን ቁጭ ብላችሁ ወይም ተኝታችሁ ጀምሩ፤ ቋሚ ብስክሌትና ወለል ላይ የሚሠሩ የእግር እንቅስቃሴዎች ይመረጣሉ።